እንጦጦን በቡድን ስለ መውጣት

የቡድን የእግር ጉዞ ማለት አንድ ሰው ብቻውን ቢሆን በሁለት ሰዓት የሚወጣውን ተራራ ሃያ ሰው ተሰብስቦ ቀኑን ሙሉ የሚወጣበት ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ዘዴ ከእንጦጦ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ቅርብ ነው፤ ታክሲ እስከ ሽሮ ሜዳ ያደርሳል፤ ከላይ እንጦጦ ማርያም ስላለች ጉዞው ለእግርም ለነፍስም ይቆጠራል። ደግሞም ተራራው ከብዙ ሰፈር በረንዳ ላይ ስለሚታይ እያንዳንዱ ተጓዥ መንገዱን የሚያውቅ ይመስለዋል። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ቆይቶ ጣጣ ያመጣል።

እንጦጦ ከአዲስ አበባ የቀደመ ከተማ ነበር። ምኒልክ ከታች ወዳለው ሜዳ ከመውረዳቸው በፊት መቀመጫቸው እዚያው ላይ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት ጊዜ፣ እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ነበር። መኳንንቱም ወታደሩም ቀስ በቀስ ተከትለው ወረዱ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ መውረዱ ምክንያት ሲጽፉ ማገዶ ማለቁን ያነሳሉ፣ የቦታውን አለመመቸት ያነሳሉ፤ ብርዱን ግን የሚዘል የለም። እንግዲህ አዲስ አበባ የእንጦጦን ብርድ ሸሽተው በወረዱ ሰዎች የተቆረቆረች ከተማ ናት ማለት ነው። ዛሬ የከተማዋ ሰው የታክሲ ከፍሎ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ገዝቶ፣ በእረፍት ቀኑ ወደዚያው ብርድ ይመለሳል። እቴጌይቱ ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የተራራው አየር እንደዚያ የሚገለባበጠው በክፋት አይደለም። የመስቀል አደባባይ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፤ የእንጦጦ ማርያም አካባቢ 3,000 ይደርሳል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ አድርጎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ታች ደስ የሚል ሙቀት ያለው ጠዋት ላይ አራት ዲግሪ ያህል ጎድሎ ይገኛል። በዚያ ላይ ፀሐይ የከተማውን መሬት ስታሞቀው እርጥብ አየር ተራራውን እየታከከ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይደምናል፣ ቀትር ሲያልፍ ያጉረመርማል። በክረምት የሚዘንብ መሆኑ ስለሚታወቅ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። በበጋ የማይዘንብ መሆኑ ስለሚታወቅ ይወጣል። በልግ ግን ጠዋቱን በጋ፣ ከሰዓት በኋላውን ክረምት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነፍሰው እርጥበት ሲጨመርበት ፀሐይ፣ ጉም፣ ካፊያና በረዶ በአንድ ቀን ተሰልፈው ያልፋሉ። የጉዞ አዘጋጆች ይህንኑ ወቅት የሚመርጡት ጠዋቱን አይተው ነው።

ዝግጅቱ የሚጀመረው በቴሌግራም ነው። አዘጋጁ የሚያዘውን ዕቃ ይዘረዝራል፤ መነሻው ጠዋት 12 ሰዓት መሆኑን፣ ያረፈደም እንደማይጠበቅ ያስጠነቅቃል። 12 ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ የሚገኙት አዘጋጁ ራሱና አንድ አዲስ አባል ናቸው። አዲሱ አባል በሚቀጥለው ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። የቀሩት ሲደወልላቸው “መንገድ ላይ ነኝ” ይላሉ፤ ከጀርባ የሻወር ውሃ ሲወርድ ይሰማል።

በዚህ መጠባበቅ መሐል ስለ ትንበያው ክርክር ይነሳል። ስልኩ የዝናብ ዕድል 40 በመቶ መሆኑን ያሳያል። አንዱ ስድሳው አይዘንብም ማለት ነው ብሎ ያጽናናል። ሌላው ከቀኑ ውስጥ አርባ በመቶውን እንደሚዘንብ ቆጥሮ ሰዓቱን ማስላት ይጀምራል። ከሃያ ሰው ስምንቱ ይበሰብሳል ብሎ የሚተረጉምም አይጠፋም፤ በስሌት ደረጃ ከሁሉም የባሰው ይህ ነው፣ በውጤት ደረጃ ግን ከሁሉም ለእውነት የቀረበው እሱ ሆኖ ይገኛል። አንድም ሰው የማያስተውለው ነገር ስልኩ የተጠየቀው ስለ አዲስ አበባ መሆኑ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ የሚሆነው ነገር ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ለሚቆም ሰው እምብዛም ዋስትና አይሆነውም።

በአለባበስ ረገድ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ወገን ለሂማላያ የተዘጋጀ ነው፤ ሁለት ዘንግ፣ ባለ ብዙ ኪስ ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን አዲስ ቦቲ። ቦቲው አዲስ ስለሆነ ከሽሮ ሜዳ ሳይርቅ ተረከዝ መላጥ ይጀምራል። ሁለተኛው ወገን “እንጦጦ ደግሞ ተራራ ነው እንዴ!” ብሎ ሶሉ ያለቀ ስኒከር አድርጎ ይመጣል፤ የሚቀጣው ሲመለስ ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚስቁበት ጃንጥላ የያዘ አንድ ሰው ይኖራል። ጃንጥላ በተራራ ጉዞ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ አይደለም፤ ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ሰዎች መጋቢት ላይ እንጦጦ የወጡ አይመስልም። ጃንጥላ ፀሐይ ይከልላል፣ ዝናብ ይከልላል፣ ሲታጠፍ ምርኩዝ ይሆናል፣ ውሻ ያባርራል፤ ይህን ሁሉ የሚሠራ ጃኬት እስካሁን ገበያ ላይ አልዋለም።

ሽሮ ሜዳ ላይ የመጀመሪያው መዘግየት ያጋጥማል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሀገር ልብስ ተሰቅሏል፤ አንዲት ተጓዥ ነጠላ ዓይኗ ይገባና ዋጋ ትጠይቃለች። ሌሎቹ ያጉረመርማሉ፤ ተራራ ለመውጣት ነው ወይስ ለሠርግ የሚል ተረበኛም አይጠፋም። እሷ ግን ተከራክራ፣ ጥላ ሄዳ፣ ተጠርታ፣ ተመልሳ ትገዛለች። በኋላ እንደሚታየው በዚያ ቀን ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ አስተዋይነት የነበረበት ይኸው ግዢ ነው።

ዳገቱ ከጀመረ በኋላ ቡድኑ ወዲያው ሦስት ይሆናል፤ ግንባር፣ መሐልና ጭራ። ግንባሩ ፈጥኖ ይወጣና ቁጭ ብሎ ጭራውን ይጠብቃል። ጭራው እያለከለከ ሲደርስ ግንባሩ “በሉ እንግዲህ ሁላችንም መጣን” ብሎ ይነሳል። በዚህ ሥርዓት መሠረት እረፍት የሚያገኘው እረፍት የማያስፈልገው ሰው ነው፤ ዕረፍት ያሻው ጭራ ግን እስከ ጫፍ አንዴም አይቀመጥም። ከጭራው ጋር አብሮ የሚዘገይ አንድ ጠንካራ ወጣት አለ፤ አዘጋጁ ስለ ደግነቱ ያመሰግነዋል። ጭራው ውስጥ ካሉት ልጆች አንዷን ብቻ ለይቶ ቦርሳዋን መያዙን ግን ሁሉም አይተዋል።

የትንፋሽ ማጠር ሰበብም መብት ይጠይቃል። 3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ሰው ግን ተወልዶ ያደገው 2,350 ሜትር ላይ ስለሆነ “ኦክስጅን አነሰኝ” ቢል የሚሰማው የለም። ያንን የማለት መብት ያለው ከዋሽንግተን ለፋሲካ የመጣው ዘመድ ነው፤ እሱም መብቱን በየሃምሳ እርምጃው ይጠቀምበታል።

መንገዱ የቡድኑ ብቻ አይደለም። ሯጮች አሉ፤ እንጦጦ የአትሌቶች መለማመጃ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ግንባሩ በአድናቆት ሰላም ሲላቸው እነሱ ወጥተው፣ ወርደው፣ እንደገና እየወጡ ነው። ማገዶ የሚሸከሙ እናቶች ደግሞ አሉ። እነዚህ ሴቶች ለብዙ ዘመን 30 ኪሎና ከዚያ በላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ይህንን ቁልቁለት ሲወርዱ ኖረዋል። አንዲቱ ጎብጣ ስትመጣ ቡድኑ ዳር ይይዝላታል፤ ገመዱ ከደረቷ ላይ ተጠላልፎ ታስሯል፣ በእግሯ ያለው ኮንጎ ጫማ ነው፣ ዓይኗ ከመሬት አይነሳም። ካለፈች በኋላ ውሃና ሁለት ዳቦ የያዘው ቦርሳ ትከሻውን እንደቆረጠው ሲናገር የነበረው ሰው ለተወሰነ ጊዜ ዝም ይላል።

መንገድ የሚጠየቁት ግን ለወርኃዊዋ ማርያም፣ በ21፣ ዘወትር የሚወጡ እናቶች ናቸው። ጠያቂው ቆብ አውልቆ ጎንበስ ይላል።

“እማማ፣ ማርያም ገና ሩቅ ናት?”

“ኧረ ደርሳችኋል ልጆቼ፤ ይቺው ናት” ይላሉ፣ በአገጫቸው ወደ ላይ እያሳዩ።

ቡድኑ በደስታ ይነሳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ እናት ይገኛሉ፤ እሳቸውም ይቺው ናት ይላሉ። ሁለቱም እናቶች አልዋሹም። ርቀቱን የሚለኩት በራሳቸው ጉልበት ነው፤ ስህተቱ ልኬቱን ወደ ባለ ሁለት ዘንጉ ሰው ጉልበት መቀየር ነው። በዚህ ጊዜ ነው መንገዱን አውቃለሁ ባዮች የሚነሱት። አንዱ አቋራጭ አለ ይላል። አቋራጩ መኖሩ እውነት ነው፤ ወደ ማርያም መሄዱ ነው ያልተረጋገጠው። ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ፣ በስልክ ተጠራርቶ፣ አንዱ ወገን ወደ ኋላ ተመልሶ ሲገናኝ ሰማዩ ጠቁሯል።

ዝናቡ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ካፊያ ይመጣል። አዘጋጁ ቀና ብሎ አይቶ “ያልፋል” ይላል፤ ሁሉም ይስማማሉ፣ ምክንያቱም ጃኬቱ ያለው ከቦርሳው ሥር ነው። ካፊያው ወደ ወጨፎ ሲለወጥም አሁንም ያልፋል የሚሉ አሉ። ዶፉ ሲወርድ ቦርሳዎች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። መጀመሪያ ዳቦው ይወጣል፣ ከዚያ የበሶው ከረጢት፣ ቆሎው፣ ቅያሪ ካልሲው፤ እያንዳንዱም ወጥቶ ይርሳል። ጃኬቱ በመጨረሻ ሲገኝ ከበሰበሰ ሹራብ ላይ ይደረባል። ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ዝናብ አያስወጣምም፤ ስለዚህ ለባሹ የገባበትን ውሃ ቀኑን ሙሉ ይዞት ይዞራል። ጃኬት ያላመጣው በ2017 ዓ.ም. ከወጣው እገዳ የተረፈች ፌስታል ራሱ ላይ ያጠልቃል። ባለ ጃንጥላው ማንንም አይቶ አይስቅም፤ እንዲያስጠጋቸው የሚለምኑት ቀድሞ የሳቁበት ናቸው። ሁሉም ለብሶ፣ ቆልፎ፣ ቆቡን አስሮ ሲጨርስ ፀሐይ ትወጣለች። ዝናቡም አያቆምም። ፀሐይና ዝናብ አብረው ሲታዩ “ጅብ ወለደች” ይባላል፤ እንጦጦ ላይ ጅብ በእርግጥ ስላለ አባባሉን የሚሰማ የከተማ ልጅ ወደ ጫካው ዞር ብሎ ያያል።

ጫካው መጠለያ አይሆንም። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በምኒልክ ዘመን የማገዶ ችግር ሲጠና ነው፤ ለማገዶ፣ ለአጥርና ለቤት መሥሪያ አገልግሏል። ለጥላ ግን አልተፈጠረም። ቅጠሉ ቀጭን ነው፣ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ዝናቡን ተቀብሎ፣ ጠብታውን አወፍሮ፣ አንገት ላይ ያወርደዋል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ከዛፉ ሥር ለሩብ ሰዓት ያህል መዝነቡን ይቀጥላል። ከጥንቱ ጫካ የተረፈ ጽድ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው፤ መብረቅ ካለ ግን ጽዱም ቢሆን አይመከርም።

እዚህ ላይ የሚዘንበው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ለበሰበሰ ሰው የተወሰነ ክብር ይሰጣል። የእንጦጦ ሸንተረር የዓባይና የአዋሽ ተፋሰሶች ድንበር ነው። በስተሰሜን በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ጠብታ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይገባል፤ ዕድሉ ከሰመረለት ካርቱምን፣ ካይሮን አይቶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በስተደቡብ የወረደው ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባና አፋር ምድር ውስጥ ሐይቅ ሆኖ ይቀራል፤ ባሕር አያይም። እንግዲህ ሸንተረሩ ላይ የቆመ ሰው ሹራቡን አውልቆ ሲጨምቀው ለየትኛው ተፋሰስ እንደሚያበረክት መምረጥ ይችላል። ስለ ዓባይ ውሃ ሲከራከር የኖረ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ተሳትፎ የሚያደርግበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ጫፍ ሲደረስ ጉም ይጠብቃል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከዚህ ላይ ከተማዋ በሙሉ፣ ከማዶ የረር፣ ወጨጫ፣ ራቅ ብሎም ዝቋላ ይታያል። ከዚሁ ተራራ ላይም የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ከዋክብት ለማየት። በጉም ቀን የሚታየው ከፊት ያለው ሰው ጀርባ ነው። ይህ ግን ማስረዳትን አያስቆምም፤ አዘጋጁ ወደ ነጩ ነገር እየጠቆመ “ያ ቦሌ ነው፣ ያ ደግሞ ሳር ቤት” ይላል፤ የሚቃወመውም ሰው ሳር ቤት ትንሽ ወደ ቀኝ ነው ብሎ እዚያው ነጭ ነገር ላይ ያርመዋል።

ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ላይ የነጠላዋ ሰዓት ይደርሳል። ከሴቶቹ አብዛኞቹ ሱሪ ለብሰዋል፤ ራሳቸውን የሸፈኑት በስፖርት ቆብ ነው። በር ላይ ያሉት አባት ቁጣ አይናገሩም፤ ዝም ብለው ያያሉ፣ ያም ይበቃል። ከሽሮ ሜዳ የተገዛችው ነጠላ ከፌስታሏ ትወጣለች፣ በሰልፍ ሥራ ትጀምራለች። አንዷ ከወገቧ በታች ታገለድማታለች፣ ተሳልማ ትወጣለች፣ ለሚቀጥለዋ ታስረክባለች። አምስተኛዋ ጋ ስትደርስ ነጠላዋ ጥለቷ ጭቃ ጠጥቷል። ጠዋት ስለ ሠርግ የቀለደው ሰው በዚህ ጊዜ ከአካባቢው ይሠወራል።

ጫማ ማውለቅም የራሱ ጊዜ አለው። ባለ ኮንጎ ጫማው ምዕመን በአንድ እርምጃ አውልቆ ይገባል። ባለ ቦቲው በእርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ በደነዘዘ ጣት፣ በውሃ የጠበቀውን ማሰሪያ ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው እየፈታ ይወርዳል፤ ሁለተኛው እግር ላይ ሲደርስ ጓደኞቹ ተሳልመው እየወጡ ነው። ጠበል መጠጣት ያሰቡም አሉ፤ ጠበል በባዶ ሆድ መሆኑን የሚያስታውሱት ግን ጥርሳቸው ውስጥ ቆሎ እያለ ነው። ከተሳለሙ በኋላ በግቢው ያለውን ሙዚየም፣ የምኒልክንና የጣይቱን አልባሳትና ዕቃዎች ማየት የተለመደ ነው፤ ትንሽ አለፍ ብሎም በእንጨትና በጭቃ የተሠራው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ጎብኚው ቤተ መንግሥት ሲባል ያሰበውን ትልቅ ነገር አጥቶ ግራ ይጋባል። እጁን ወደ ወፍራሙ ግድግዳ ጠጋ ሲያደርግ፣ ውጭም ነፋሱ ሲነሳ፣ ሕንፃው ስለ ውበት ሳይሆን ስለ ብርድ ታስቦ መሠራቱ ይገባዋል።

ምሳ የሚበላው ከግቢው ውጭ ነው። ሁዳዴ ከሆነ ችግር የለም፤ ሁሉም ሽሮና ጎመን ነው። ከፋሲካ በኋላ ረቡዕ ወይም ዓርብ የሚያስጾም ስለሌለ ያኔም ችግር የለም። ችግር የሚኖረው በሁዳዴ አንድ ሰው የእንቁላል ሳንድዊች ይዞ ሲገኝ ነው። ማንም ምንም አይለውም፤ ሁሉም ግን ምን እንደሚበላ ያውቃሉ፣ እሱም ማወቃቸውን ያውቃል፣ ዞር ብሎም ይበላል። በሶውን ሲበጠብጡ ያየው የዋሽንግተኑ እንግዳ ሁለት ኩባያ ጠጥቶ የትንፋሽ ችግሩ ለጊዜው ይለቀዋል።

መውረድ ከመውጣት ይቀላል የሚለው ሰው የሚናገረው ስለ ሳንባ ነው። ጉልበትና ጭቃ ሌላ ሐሳብ አላቸው። ቀዩ አፈር ሲርስ ሳሙና ነው፤ ሶሉ ያለቀው ስኒከር እዚህ ይከሰሳል፣ እዚሁም ይፈረድበታል። የሚወድቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የተጋጨውን ክርን ሳይሆን ማን እንዳየው ነው። ባለ ሁለት ዘንጉም ይወድቃል፤ እንዲያውም ዘንጎቹ ስለሚጠላለፉ ከሌላው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይወድቃል። ጠዋት ቦርሳዋን የተሸከመላትን ወጣት በዚህ ሰዓት እጁን ይዛ የምታወርደው እሷ ናት።

ሽሮ ሜዳ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ሒሳብ ይከፈላል። የጠጣው ሰው ብዛት ከከፈለው ሰው ብዛት ምንጊዜም ይበልጣል፤ ልዩነቱን አዘጋጁ ከኪሱ ይሞላል፣ ማታ በቴሌግራም በትሕትና ይጠይቃል፣ ሦስት ሰው አይቶት ዝም ይላል። ከዚያ ፎቶዎቹ ይለጠፋሉ። በዝናቡ ሰዓት ስልክ ሁሉ በፌስታል ተጠቅልሎ ከኪስ ሥር ስለነበር በፎቶዎቹ ውስጥ ዝናብ የለም፤ ፀሐይ፣ ፈገግታ፣ በሶና አንዲት ነጭ ነጠላ ብቻ ነው ያለው። የቀሩት አባላት ያዩና ምን የመሰለ ቀን እንዳመለጣቸው ተቆጭተው ይጽፋሉ፤ ለቀጣዩ የየረር ጉዞም ቀድመው የሚመዘገቡት እነሱ ናቸው።